የቤታችን መርዶ

ስሙኝማ። ረጅም አይደለም፤ ግን መሀል ላይ ካቋረጣችሁኝ ይጠፋብኛል። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ማለቴ እሱ ነው የተወኝ፣ ስለዚህ አሳምሬ የማወራ እንዳይመስላችሁ። የሆነውን እንደሆነ ነው የምነግራችሁ።

ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ የቀበሌ ቤት ነበረን። አምስት በር ያለው ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ መሀል ላይ አንድ የኮክ ዛፍ። ሆቴሉ ፎቅ ላይ ቆሞ ለሚያየን ሰው የዛገ ቆርቆሮ ነን፣ በቃ። ከውስጥ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ በኮኩ ቅጠል መሀል አልፋ በመስኮት ትገባና ግድግዳችን ላይ ትንቀጠቀጣለች። ተጋድሜ አያታለሁ። ቤቱ ውሃ ውስጥ የሰጠመ፣ እኔ ደግሞ አሳ የሆንኩ ይመስለኛል። ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ አሳ ነኝ።

ግቢያችን ውስጥ ያልጨነቀው ሰው አልነበረም። ግን ማንም «ጨንቆኛል» አይልም። «ደብሮኛል» ነው የሚባለው፣ መድኃኒቱም «ፈታ በል» ነው። እንዴት እንደሚፈታ የሚነግርህ የለም፤ ሁሉም የራሱን መላ ፈልጎ ያገኛል። የእድራችን ዳኛ ጎረቤታችን ነበር፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ድሮ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት የሠራ፣ ጡረታ የወጣ ሼባ። ሲከፋው ጫማውን ይቦርሻል። ቆሽሾ አይደለም። ሽው፣ ሽው፣ ሽው ሲል በግድግዳው ይሰማኛል፤ ከምሳ በኋላ እሱን እየሰማሁ ስንት ቀን እንቅልፍ ወስዶኛል።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄ ጫማ እኮ ፊቴን እያሳየኝ ነው» ብለው፣

«ታዲያ አይተህ ታጠበዋ» አለኝ።

የኔ መላ ደረጃ ነው። ሰማዩ ገና ግራጫ እያለ እነሳና በእስጢፋኖስ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ እወርዳለሁ። ሯጮቹ አሉ፤ ጭጋጉ ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ትንፋሻቸው ብቻ ከፊታቸው ይሄዳል። እኔ አልሮጥም። አደባባዩን የከበበውን ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ላይ እየተሳደብኩ ነው የምወጣው፣ ያላሠራኝን ሰው ሁሉ በየእርከኑ አንድ አንድ እየረገጥኩ። ሰባተኛው ስምንተኛው ዙር ላይ ስድቡ ያልቅብኛል። እግሬ የኔ መሆኑን ይተዋል። ከተማው ከታች ከጭጋጉ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ታክሲዎቹ መብራታቸውን እንዳበሩ ሲዋኙ፣ የረዳቶቹ ጩኸት ከሩቅ እንደ ቅዳሴ ሲሰማኝ፣ ማንም እንዳልሆንኩ ይሰማኛል። ማንም አለመሆን ደግሞ ደስ ሲል! ቤት ስመለስ ቁርሴን እንደ ሰው እበላለሁ።

ማዘር ደግሞ ትፈትላለች። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሽከረክርና ትለቃታለች፤ እንዝርቷ አየር ላይ ትዞራለች፣ ክሩ ከጣቷ ይወጣል፣ ዓይኗ ደግሞ እዛ የለም። የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ትልቁ ወንድሜ ጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እሱ መንገድ ላይ ሲሆን እንዝርቷ አታርፍም፣ ሲገባ ታርፋለች። ማዘር የሰሜን ሰው ናት፤ ከኛ ጋር አማርኛ ታወራለች፣ ከእንዝርቷ ጋር ግን ትግርኛ። እኔ ግማሹ ነው የሚገባኝ። የሚያሳስበኝ የማይገባኝ ግማሽ ነው።

አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ባልዲ እንደያዘች ወደቀች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ደም ግፊት ነው አሉ፣ ያውም ክፉኛ። ነርሷ ልጅ ናት፣ እኩያዬ ብትሆን ነው። መድኃኒት ሰጠችንና አንድ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ጨመረችልን፤ ጭንቀትን ስለመቀነስ ይላል። መንገድ ላይ ለማዘር አነበብኩላት። በቂ እንቅልፍ ይተኙ። በጥልቀት ይተንፍሱ። ከሚያስጨንቅዎ ነገር ራስዎን ያርቁ።

«እንዴት አለ? ከሚያስጨንቀኝ ነገር ልራቅ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንተን የት ልጣልህ?»

እስከ ቤት ድረስ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ነርሷ ከመውጣታችን በፊት ወደ ጥግ ወስዳኝ ነበር። «ስማ፣ ድንጋጤ እንዳያገኛት። ድንገት ክፉ ወሬ ከሰማች፣ አንድ ቀን እዚሁ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ይፈሳል፣ ከዛ አትመለስም። ገባህ?» አለችኝ። ገባኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ በር እንኳን ጓ አድርጌ አልዘጋም።

ሁለት ወር አልሞላም፣ ደብዳቤው መጣ።

ማዘር ቤተክርስቲያን ነበረች። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ክላሰር ይዞ በር ላይ ቆመ። «የእናትህን ፈርምላት» አለኝ፣ ፈረምኩ። ክብ ማኅተም አለው፣ ሐምራዊ። ኮኩ ስር ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «በተጠቀሰው አግባብ» ይላል፣ «ከላይ በተመለከተው መሠረት» ይላል፣ አማርኛ ነው ግን አማርኛ አይደለም። መሀል ላይ «ቦታው ለልማት ስለሚፈለግ» የምትለዋን አገኘሁና አቆምኩ። ከሷ በኋላ ያለውን ማን ያነባል? በቃ፣ ቤታችን ሊፈርስ ነው። አጣጥፌ ወንድሜ ሻንጣ ውስጥ፣ ከክረምት ሹራቡ ስር ቀበርኩት።

ደብዳቤው ለአምስቱም በር ነው የደረሰው። ያን ቀን ማዘር ከመመለሷ በፊት ሼባው ሁሉንም ኮኩ ስር ሰበሰበ።

«እኛ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አንነግርም» አለ። «እትዬ እስኪሻላት ድረስ እዚህ ግቢ ውስጥ ስለ ደብዳቤ የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር። ጎን ለጎን እንኳን አትንሾካሾኩ፤ ጆሮዋ ንቁ ነው።»

ሁሉም ማለ። እውነትም አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ለኔም እንኳን።

ከዛ በኋላ ያሉት ቀናት አሁን ሳስባቸው እንደ ህልም ናቸው። የሚያስፈራ ህልም አይደለም፤ ከሱ የባሰ፣ ደስ የሚል። ሰዎች መጡና ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ማዘር ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ለውሃ መስመር ነው፣ ማዘር» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«በየቤቱ ሊያስገቡልን? በስመ አብ! ጋሼ፣ ሰምተዋል?»

ሼባው በሩ ላይ ቆሟል፣ ጫማው በእጁ። አየኝ። «ሰምቻለሁ እንጂ» አለ።

ከዛ ማዘር ቧንቧ መትከል ጀመረች፣ በሐሳቧ። አንድ ቀን ከመስኮቱ ስር ታደርገዋለች፣ አንድ ቀን ከምድጃው አጠገብ። «እዚህ ቢሆን ዕቃ ለማጠብ ይመቻል፣ ግን እርጥበቱ ግድግዳውን ይበላዋል፣ አይደል ጋሼ?» ሼባው በቁም ነገር በከዘራው እየለካ «ወደ ግራ ሸርተት ይበል» ይላታል። ግቢው ሁሉ እየመጣ አስተያየት ሰጠ። ማዘር ፊቷ አበራ። ወንድሜ መንገድ ላይ እያለ እንኳን እንዝርቷን የምታሳርፍበት ሰዓት ተገኘ። ነርሷም ለክታት «ወርዷል፣ ምን አደረጋችሁላት?» አለችኝ። ምን ልበላት? ውሸት ነዋ!

እኔ ግን ደረጃው አልበቃኝ አለ። ከስታዲየም የከተማ አውቶቡስ እሳፈርና መስኮት ጋ ተቀምጬ መጨረሻው ድረስ እሄዳለሁ፤ ሳልወርድ እመለሳለሁ። ወሎ ሰፈር ሲያልፍ የካፌው በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ማኪያቷቸውን ሲያማስሉ አያለሁ፤ አንዳቸውም ቤታቸው የሚፈርስባቸው አይመስሉም። መስታወቱ ግንባሬ ላይ ይነዝራል፣ ከተማው እንደ ክር ከጎኔ ይተረተራል፣ ሐሳቤ ይቀልጣል። ትኬት ቆራጯ በሦስተኛው ቀን ለየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቤትህ እዚህ ነው እንዴ?»

«ለጊዜው» አልኳት።

ቀኑ ሲቃረብ ግን መደበቅ አልተቻለም። የኋላ ግቢ ሰዎች ቆርቆሯቸውን መንቀል ጀመሩ። ሼባው ጠራኝና «መንገር አለብን» አለኝ። «ግን ይሄ መርዶ ነው። መርዶ ደግሞ ደንብ አለው። በልታ ተኝታ ባደረች ማግስት፣ በጠዋት፣ ሳትወጣ፣ የምታከብረው ሰው ባለበት፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ሆኖ ነው የሚነገረው። እንዲህ ከሆነ አትደነግጥም።» ልክ መሰለኝ። እንደውም ትልቅ ሸክም ከትከሻዬ የወረደ መስሎኝ ሳምኩት።

ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ወፎቹ ገና ሲንጫጩ፣ ኮኩ ላይ ጤዛ እንዳለ። ከፊት ሼባው ጥቁር ኮቱን ለብሶ። ቀጥሎ የማዘር የነፍስ አባት፣ መስቀላቸውን ይዘው። ከኋላ ሁለት የግቢያችን ሴቶች፣ ነጠላቸውን ለብርድ ብለው እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ አንዷ ውሃ በጆግ ይዛ፣ ብትወድቅ ብላ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እንዴት እንደሚያምሩ አስታውሳለሁ፤ ነጫጭ ሆነው በጭጋጉ ውስጥ ሲመጡ የማይራመዱ፣ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። እስቲ አሁን እናንተ ፍረዱኝ። ልጇ ጅቡቲ መንገድ ላይ ላለ እናት፣ ያውም ከትናንት ጀምሮ ስልኩ ለማይሠራ፣ በጠዋት በሯ ላይ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ምንድነው?

ከኛ አንዱ እንኳን አላሰበውም። በጭንቅላታችን ቤቱ ብቻ ነበረ።

ማዘር በሩን ከፈተች። አየቻቸው። ሁለት እጇ አናቷ ላይ ወጣ።

«ወደይ!» አለች። ልጄን ማለቷ ነው። «ወደይ! ወደይ! የት ላይ ተገለበጠ? ንገሩኝ! አፋር ላይ ነው? ንገሩኝ እንጂ!»

«ኧረ እትዬ፣ አይደለም፣ ቤቱ ነው!» ሼባው።

«አስከሬኑስ? አስከሬኑን አመጣችሁት?»

«ልጄ፣ በስመ ሥላሴ፣ ተረጋጊ፣ ቤቱ ነው!» አባም መስቀላቸውን እያወዛወዙ።

«ማዘር፣ ቤቱ ነው! ቤቱ!» እኔ እጇን ይዤ።

በዚህ መሀል ጩኸቷን የሰማ ሰፈር ሁሉ እያለቀሰ ይገባል። ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ደረቱን የሚመታ አለ። የእድሩ ዕቃ ቤት ያለው እኛ ግቢ ጥግ ነው፤ ጎረምሶቹ ከመቼው ከፍተው ድንኳኑን ጎትተው አወጡት። እኔ ማዘርን ይዤ፣ ነርሷ ያለችኝን እያሰብኩ፣ ዓይኗን ነው የማየው። አሁን ይፈሳል። አሁን። እጄ ላይ ክብደቷ ሲጨምር ተሰማኝ።

«ቤቱ ምን ሆነ?» አለች በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ሊፈርስ ነው።»

«ልጄስ?»

«ልጅሽ ደህና ነው! ስልኩ ኔትወርክ የለውም!»

ማዘር ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ኮኩን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከዛ አገጯን ወደ ሰማይ አንስታ እልል አለች። ሦስት ጊዜ። ቤቷ ሊፈርስ ነው ተብላ እልል ያለች ሴት በዓለም ላይ የኔ እናት ብቻ ሳትሆን አትቀርም። አባ አማተቡ። ሼባው ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

ድንኳኑ ግን በግማሽ ተተክሏል። አንደኛው ጎረምሳ ምሰሶ እንዳቀፈ «እትዬ፣ እንንቀለው?» አላት።

«ከተተከለስ አይቀር» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «ተቀመጡ። ቤትም እኮ ይለቀሳል።»

ተቀመጥን። እውነቴን ነው። የሰፈር ሴቶች ንፍሮ ይዘው መጡ፣ ሰው በአግዳሚው ላይ ተደረደረ፣ ፀሐይዋ በድንኳኑ ሸራ ውስጥ አልፋ ሁላችንንም ቢጫ አደረገችን። ማዘር ስለ ቤቱ ማውራት ጀመረች። እኔን የወለደችኝ እዚያ ጥግ ላይ መሆኑን፣ ታክሲ ጠፍቶ። አባቴ በአንድ ክረምት ስንት ጊዜ ቆርቆሮው ላይ እንደወጣ፣ አንዴ ተንሸራቶ ኮኩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደቀረ። ሰው ሳቀ። ሌላው የራሱን ቤት አነሳ፣ ሌላዋ የራሷን። ድምፃቸው እየተደራረበ፣ እያንቀላፋ፣ ንፍሮው ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ፣ ጊዜው የት እንደገባ አላውቅም። ያን ያህል ጊዜ ያፈንነው ነገር እንዲህ ወጥቶ መሀላችን ሲቀመጥ፣ ደረቴ ውስጥ አንድ መስኮት የተከፈተ መሰለኝ። እኩለ ቀን ላይ ወንድሜ ደወለ። «ምንድነው ሁላችሁም በአንዴ የደወላችሁልኝ?» ማዘር ስልኩን ሳመችው፣ ስልኩን ራሱን።

ከዛ ሼባው፣ ልቧን ሊያሳርፍ ብሎ፣ «ብቻ በምትኩ በሚሰጡን ኮንዶሚኒየም አንቺ ግራውንድ ላይ ነው የምትገቢው፤ ደረጃ አትወጪም» አላት።

«ማን አለ?» አለች።

«ለታመመና ለአረጋዊ ይሰጣል ይላል እኮ ደብዳቤው። በአስር የሥራ ቀን ውስጥ የሐኪም ወረቀት አያይዞ ለሚያመለክት። እኔ ለጉልበቴ አስገብቻለሁ።» ወደኔ ዞረ። «አንተም አስገብተህላታል አይደል?»

ሽው የሚል ነገር ጆሮዬ ውስጥ ሰማሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። ከ«ልማት» በኋላ። ግቢው ሁሉ አንብቦታል፣ የሚመለከተው ሁሉ አስገብቷል፤ ግን ማንም እንዳያነሳ ተማምለናል፣ ማንም አላነሳም። ሁሉም እኔ የማውቅ መስሎታል።

«አላስገባሁም» አልኩ።

ድንኳኑ ያኔ ነው እውነተኛ ለቅሶ ቤት የሆነው። ማዘር ብቻ «ተዉት፣ ልጅ ነው» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ፣ የጤና ጣቢያ ካርዷን ይዤ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት መዝገቡን ገለጠች።

«ተፈርሞ ተወስዷል። ጊዜው አልፏል።»

«እህቴ፣ እኔ ነኝ የፈረምኩት። እሷ ደብዳቤውን አላየችውም።»

«ማን ደበቃት?»

አለቃዋ ጋ ገባሁ፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ «እኛ አድርሰናል» አለ። ሌላ ቀን ሄድኩ፣ ስብሰባ ላይ ነው። ሌላ ቀን፣ መስክ ወጥቷል። ዕጣው ወጣ። አራተኛ ፎቅ ደረሰን፣ ከተማው ዳር፣ ሊፍት የለውም፣ ውሃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቆማል።

የገባን ቀን እኔና ወንድሜ በሁለት ጎን ያዝናት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ትንፋሿ ያፏጫል። «አይዟችሁ፣ ለሰማዩ ቀረብኩ» አለችን፣ እየሳቀች። መጀመሪያ እሁድ እሁድ ትወርድ ነበር። ከዛ ለበዓል ብቻ። አሁን የምትወርደው ለጤና ጣቢያ ነው፣ እሱንም ተሸክመናት። ቤተክርስቲያኑን በመስኮት ትሳለማለች፤ ጉልላቱ ይታያታል። ጠዋት ጠዋት ደመናው እስከ መስኮታችን ሲመጣ ነጠላዋን አጣፍታ እዛ ቆማ አያታለሁ፣ መሬት የሌለው ቤት ውስጥ ያለች ይመስለኛል። ግፊቷ ወጥቷል። ነርሷ «ትንሽ ትንቀሳቀስ» ትለኛለች።

እኔ ጥፋቴን አልክድም። ደብቄያለሁ፣ ግማሽ አንብቤያለሁ። ያን የምሸከመው እኔ ነኝ፣ ከውሃው ጄሪካን ጋር። ግን እኛ፣ ያልተማርነው፣ የቆርቆሮዎቹ፣ ሞትን እንኳን በወረቀት አንነግርም። እንሳሳታለን፣ ሰው እናስደነግጣለን፣ ግን በእግራችን እንሄዳለን፣ ተቀምጠን ዓይን እያየን ነው የምንናገረው። እናንተ ማኅተሙ እጃችሁ ላይ ያለ ሰዎች፦ የአንዲት ሴት ሙሉ ዕድሜ ያለበትን ቤት ልትወስዱ ስትነሱ፣ አንዳችሁ መጥታችሁ በሯን አንኳኩታችሁ፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላችሁ፣ «እማማ፣ እንዲህ ነው፣ እንዲህ ብታደርጊ ይሻልሻል» ብላችሁ በአፋችሁ መንገር ምን ነበር የከለከላችሁ?